ሦስት መቶ አርባ እርምጃ

ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ሹልክ እያለ መጥፋት የጀመረ ጊዜ እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነገር ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመቱ! ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ነገር ማሟሟቅ ነፍሷ ነው፤ «ጫማውን እዪው፣ ጫማ አይዋሽም» አለችኝ። አየሁት። ጥቁር፣ የሚሸት ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ለብሷል። እራት ላይ አፋጥጬ ስይዘው ሹካውን አስቀመጠና፣

«የዱር እንስሳት ጠባቂዎቹ ማኅበር ገብቻለሁ» አለኝ።

«የምን ማኅበር?»

«ረግረጉን ወደ ድሮው ሊመልሱት ነው፤ ወፎቹ እንዲመጡ። በነፃ ነው የሚሠሩት። እኔም በነፃ ነው።»

ሳቄ መጣ። የጎረቤት ስብሰባ እንኳ ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው እኮ። በዚያ ላይ የኩሽናችን ጣራ ካፈሰሰ ሁለት ዓመቱ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሥሩ ባልዲ የምደቅነው እኔ ነኝ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አልኩት፤ «የገዛ ጣራህን ትተህ ለእንቁራሪት ቤት ልትሠራ?» ሌላ ቀን ቢሆን ጥርሱን ገለጥ ያደርግልኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሹካውን አንስቶ መብላቱን ቀጠለ።

ይሄ ሰውዬ ሠላሳ ስምንት ዓመት መሬት ሥር ቧንቧ ሲቀብር ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ከተማው ሁሉ «አባ ቱቦ» ነው የሚለው፤ እኔም ስናደድ እንደዚያው ነው የምለው። የሰው ቤት ውሃ ሲያፈስ ይጠሩታል። ግድግዳው ላይ ጆሮውን ለጥፎ ትንሽ ይቆይና «እዚህ ጋ ነው» ይላል፤ ሲቆፍሩ እዚያው ጋ ነው። አንድ ጊዜም ስቶ አያውቅም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና የሰው ቁመትና ወርድ ነው የማውቀው፤ የሱን ሥራ ግን እስከዛሬ እንዴት እንደሚሠራው አልገባኝም።

ከከተማችን በታች፣ ከድንጋዩ ድልድይ ማዶ ያለው ሜዳ ድሮ ረግረግ ነበር። ሸምበቆው ሰው ያሰጥማል። ዳክዬው፣ ሽመላው፣ ስሙን የማላውቀው ባለ ረጅም እግር ወፍ ሁሉ እዚያ ነበር የሚውለው። የእንቁራሪቱ ጩኸትማ መስኮት ዘግተንም አያስወራንም ነበር። ባለቤቴ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሳለ ይድረቅና እርሻ ይሁን ተባለ። ሥራው ከምድር በታች የሸክላ ቱቦ እየቀበሩ ውሃውን ወደ ወንዙ ማስወጣት ነው። የሱ ድርሻ ደግሞ መቁጠር ነበር። የነበረው ሜትር አንድ ብቻ፣ እሱም ከአለቃው ኪስ የማይወጣ ስለነበር፣ ከሠራተኛው መሃል እርምጃው አንድ ወጥ የሆነው ሰው ይመረጥና ቱቦው የት እንደሚታጠፍ፣ የት ከሌላው እንደሚገናኝ በእግሩ እየቆጠረ ምልክት ያደርጋል። ተመራጩ እሱ ሆነ። «ይሄ ልጅ ሲራመድ ሰዓት ነው» ይል ነበር አሉ አለቃው። በዚያ ሥራ ደመወዝ ተጋባን። አሁን ድረስ የምሰፋበት መኪና የተገዛው በዚያው ነው፤ ስለዚህ እኔም ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም።

ረግረጉ በሁለት ዓመት ደረቀ። እርሻውም እንደታሰበው አልሆነም፤ አፈሩ ነጭ ጨው አወጣ፣ ባለ መሬቱ ሰለቸውና ተወው። ባለቤቴ ስለዚያ ሥራ አንስቶልኝ አያውቅም። አንድ አመሻሽ ላይ ብቻ በረንዳ ተቀምጠን ሳለ «ትሰሚያለሽ?» አለኝ። «ምኑን?» ስለው «ምንም የለም እኮ» አለ። እኔ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ እንቁራሪቶቹ ዝም ካሉ ወዲህ ነበር እንቅልፍ ያገኘሁት። «ተገላገልን» አልኩት። እሱ አልመለሰልኝም። እኔም ለምን አልመለሰልኝም ብዬ አልጠየቅሁም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

እንግዲህ ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ ነው ወደዚያ ሜዳ በገዛ እግሩ የተመለሰው። ማኅበሩን የምትመራው የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስታወራም የምትሮጥ የምትመስል። ሌሎቹ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ ተማሪዎች፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ናቸው። መጤውን አረም ከነሥሩ ይነቅላሉ፣ ከሩቅ ወንዝ የሸምበቆ ሥር አምጥተው ይተክላሉ፣ ክፍቱን ቦይ በአፈር ጆንያ ይደፍናሉ። ባለ መሬቱ የሰጣቸው ሁለት ክረምት ነው። «በሁለተኛው ክረምት ውሃ ካልቆመበት ለጡብ ፋብሪካ እሸጠዋለሁ» ብሏል፤ ሰውየው ቀልድ አያውቅም።

በመጀመሪያው ክረምት ውሃው ሞላ። ዳክዬዎቹ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ መጥተው እንቁላል ጣሉ። ዝናቡ በቆመ በሦስተኛው ሳምንት ግን ውሃው ጠጥቶት የሄደ ያለ ይመስል ድራሹ ጠፋ። እንቁላሉን ውሻ በላው። መምህርት ሜዳው መሃል ቁጭ ብላ አለቀሰች አሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ባለቤቴ ተነስቶ ቆመ። እኔ አልነበርኩም፤ በኋላ መምህርት ናት የነገረችኝ።

«ውሃው የሚጠፋው በላይ አይደለም» አለ። «ከሥር ቱቦ አለ። የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የጠየቀው ዳቦ ጋጋሪው ነው። «ታዲያ አባባ፣ ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ጆንያ ሲሸከሙ ለምን አልተናገሩም?»

«አፈርኩ» አለ ባለቤቴ።

ሊያባርሩት ይችሉ ነበር። እኔ ብሆን አባርረው ነበር፣ ልዋሽ? ያ ሁሉ እንቁላል! መምህርት ግን «የት ጋ እንዳለ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችው። አዎ አላት። ፕላኑ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ድሮ ተቃጥሏል፤ የቀረው የሱ ጭንቅላት ብቻ ነው። ከድልድዩ ጥግ ተነስቶ፣ የኮረብታውን ጫፍ ፊት ለፊት እያዩ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ። እዚያ ላይ ስድስቱም ቅርንጫፎች ከትልቁ ቱቦ ጋር ይገናኛሉ። እሱ ከተደፈነ ሁሉም ተደፈነ።

ቆፈሩ። የለም። ሁለተኛ ጉድጓድ ከጎኑ ቆፈሩ፤ የለም። አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ እስካቫተር ከነሾፌሩ ለቅዳሜዎቹ በነፃ ሰጣቸው፤ ሁለት ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ የለም። አራተኛውም ባዶ ሲወጣ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ «አባባ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት እያስለቀሙን እኮ ነው» አለ። ሰዉ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ስቶ የማያውቅ ሰው ሲስት የሚሳቀው ሳቅ ነው። ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ። ምግብ አይበላም፤ ጥግ ተቀምጦ ጣቶቹን ጭኑ ላይ እየመታ ይቆጥራል። የሚያስፈራው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቱ በመጨረሻ ዘመኗ ልጆቿን እንኳ አትለይም ነበር፤ ገላዋን ያጠባት፣ ያጎረሳት እሱ ነው። ወንዱ ልጃችን የሚሠራው ሌላ ከተማ ነው፤ ሰምቶ መጣ። «እማዬ፣ አባዬን ሐኪም ይየው፤ ቀጠሮ ይዣለሁ። ያን ጭቃ ደግሞ ይብቃው፣ ሰው መሳቂያ እያደረገው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ። እኔም መሳቂያ መሆኑ ከንክኖኝ ነበር።

አርብ ዕለት እንደገና ጫማውን ሳየው በሩ ላይ ቆምኩበት። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም! ይብቃህ!» አልኩት። «አይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ሲለኝ፣ «ጃጅተሃል! አይገባህም? ጃጅተሃል!» ብዬ ጮህኩበት። ምላሴን በቆረጠው። ጫማውን በእጁ እንደያዘ አንጋጦ አየኝ።

«እኔም እኮ የፈራሁት እሱኑ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሌላው ይጥፋ፣ ግድ የለኝም። ያን ሁሉ ነፍስ ያጠፋሁት በዚያች ቁጥር ነው፤ ሳልመልሰው ቁጥሯ ከጠፋችብኝ ምን ይዤ እሞታለሁ?»

ያን ቀን የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የደንበኛ ቀሚስ አበላሸሁ።

በማግስቱ ልጄን አስከትዬ ወደ ሜዳው ወረድኩ፤ ይዤው ልመለስ ነው ሐሳቤ። ደርሰን ሳይ ድልድዩ ጥግ ላይ ቆሟል፣ ሊቆጥር። መምህርትና ሌሎቹ ራቅ ብለው ይጠብቁታል፤ ፊታቸው ላይ ያለው አዘኔታ ከሳቁ የባሰ ነው። «ና እንሂድ» ልለው አጠገቡ ደረስኩ። ሲራመድ ግን ከጎኑ አብሬው ተራመድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል። ሃያ ሲደርስ አንድ ነገር ውስጤን ኮረኮረኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ትዳር ከዚህ ሰውዬ ጎን ለጎን ሄጄ አላውቅም፤ ሠርጋችን ዕለት እንኳ ቀሚሴን ሰብስቤ ሶምሶማ ነበር የተከተልኩት። አሁን ግን እኔ ነኝ እንዳልቀድመው እግሬን የምሰበስበው።

«ቁም!» አልኩት።

ደነገጠ። ሁሉም ደነገጡ። ሜትሬ እንደ ሁልጊዜው አንገቴ ላይ ነው፤ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ ከተረከዙ እስከ ተረከዙ ለካሁት። ሃምሳ ስድስት ሳንቲም! ልጄ «እማዬ፣ ምን እየሆንሽ ነው?» ይላል፤ እናትየዋም አበደች ብሎ ይሆናል።

«አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ «ድሮ ስትቆጥር ከድልድዩ እስከዚያ ፓምፕ ቤት ስንት ነበር?» ፓምፕ ቤቱ ፈርሶ ግድግዳው ብቻ ነው የቆመው፤ ቦታው ግን ያው ቦታ ነው።

«ሁለት መቶ አስር» አለ፣ ሳያስብ።

«ሂድ ቁጠረውና ና።»

ሄደ። እየቆጠረ ሄዶ ግድግዳውን ነካና ዞሮ አየን። ከሩቅ «ሦስት መቶ!» ሲል ድምፁ ተሰበረ። መምህርት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ችግኝ የሚተክሉበት የሃምሳ ሜትር መለኪያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነበረ፤ ግን አባ ቱቦ ቆጥሮ የሰጣቸውን ቦታ ማን በሜትር ይለካል? አይሳሳትማ! እሱም የገዛ እግሩን እንዴት ይጠርጥር? ከድልድዩ እስከ ፓምፕ ቤቱ ለኩት፤ መቶ ስልሳ ስምንት ሜትር። መምህርት መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ አካፈለችው።

«የወጣትነት እርምጃቸው ሰማንያ ሳንቲም ነው» አለች። «አባባ፣ ቁጥሩ ልክ ነው! ያጠረው እግርዎ ነው። ሰማንያ ሁለት ሜትር ወደዚህ ነው የቆፈርነው።»

ባለቤቴ ሮጦ ይሁን ወድቆ እንጃ፣ እንዴት እንደመጣ አላውቅም። ክንዴን ይዞ «አልጠፋችም» አለኝ። «አልጠፋችም፣ አየሽ?» ትናንት የጮህኩበትን አላነሳብኝም። እኔ ነኝ «ይቅር በለኝ» ያልኩት፣ ሰው ፊት።

ሁለት መቶ ሰባ ሁለት ሜትር ላይ ችካል ተመታ። እስካቫተሩ ከሰው ቁመት ትንሽ አለፍ እንዳለ ጥርሱ የሆነ ነገር ላይ ጫር ሲል ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ቀዩ ሸክላ ታየ። ባለቤቴን ልውረድ ሲል የሚመልሰው አልነበረም፤ ልጃችን ሱሪውን ሳይሰበስብ በዚያ በቢሮ ጫማው አብሮት ወርዶ ቀበቶውን ያዘለት። ባለቤቴ ተንበርክኮ ጆሮውን ቱቦው ላይ ለጠፈ።

«ይሄዳል» አለ። «እስካሁን ይሄዳል። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላረፈም።»

እዚያው እንደተንበረከከ አለቀሰ። ሾፌሩም ኮፍያውን አወለቀ። በኋላ ዶማ አቀበሉትና መጀመሪያ የመታው እሱ ሆነ፤ ልጃችን ሁለተኛ መታ። አፉን በሸክላ አፈር ጠቅጥቀው በኮንክሪት አሸጉት፤ እንዴት እንደሚጠቀጠቅ ቆሞ ያዘዘው እሱ ነው። ሲሠራ የድሮው ድምፁ ነበር የወጣው፤ ሁሉን ይቆጣል።

ዝናቡ በሳምንቱ ገባ። ውሃው ሞላ፤ ክረምቱ አልፎ በጋው እስኪጋመስም ቆመ። ባለ መሬቱ መጥቶ አየና የጡብ ፋብሪካውን ነገር ትቶ ለማኅበሩ ለሠላሳ ዓመት ፈረመ። ዳክዬው መጣ፤ በዓመቱ ሽመላው መጣ። እንቁራሪቶቹ ሲጀምሩ መስኮቱን ከፍቼ ተኛሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ልጃችንም አልተሳሳተም ነበር። ሐኪሙ ጋ የሄድነው ዘግይተን ነው፤ እኔ ነኝ ያዘገየሁት፣ ቁጥሩ ልክ ሲሆን ሁሉም ልክ ነው ብዬ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። መጀመሪያ ሸሚዙን ገልብጦ ለበሰና ሳቅን። ቁልፉን ስኳር ዕቃ ውስጥ ከተተና ሳቅን። ከዚያ አንድ ቀን መምህርት ቤታችን መጥታ ስትስመው «ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለኝ፤ ያን ጊዜ አልሳቅንም። ሐኪሙ የቅርቡ ነው ቀድሞ የሚጠፋው፣ የሩቁ ይቆያል አለን። እንዳለውም ሆነ። ማኅበሩ ጠፋ፣ ጉድጓዱ ጠፋ፣ ያ ቅዳሜ ጠፋ። ሜዳው የደረቀበት ጊዜ ግን እንደ ትናንት ነው ለሱ። በሽታው እሱ የመለሰውን ወስዶ እሱ ያጠፋውን ተወለት። አምላኬን ስንት ቀን እንደተጣላሁት እሱ ነው የሚያውቀው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ረግረጉ የምወርደው እኔ ነኝ። አረም እነቅላለሁ፤ እሱን ፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ሥር ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ልክ እንደ እንግዳ ሰው ጠራኝ፤ «እመቤቴ፣ ላስቸግርሽ?» ብሎ። ጭቃ እጄን ጠርጌ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

«ይሄ ቦታ ደርቆ አልነበረም እንዴ?»

«ደርቆ ነበር።»

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ነኝ ያደረቅሁት። ለሰው አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም።»

እጁን ያዝኩት። አልከለከለኝም። አንድ ዳክዬ ጫጩቶቿን አስከትላ ከሸምበቆው ወጣችና እሱ እስክታልፍ ድረስ በዓይኑ ሸኛት።

«ታዲያ አሁን ውሃ አለው እኮ» አለኝ። «ማን መለሰው?»

«ባለቤቴ» አልኩት።

«ያንቺ ባል?»

«የኔ ባል።»

ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ፈታ አለ፤ ከብዙ ወር በኋላ እንዲያ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። «ጎበዝ ሰው አለሽ» አለኝ። «ከባድ ነገር ነው ያወረደልኝ። አመስግኚልኝ።»

«እሺ» አልኩት፣ «ማታ ሲገባ እነግረዋለሁ።»